የጠፋችው ብሎን

ላፕቶፔ የሚጠላው እኔን ብቻ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለው የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ የቀሚስ ዲዛይን ልሠራ እጄን ኪቦርዱ ላይ ሳሳርፍ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ባሌ እንድርያስ ሲነካው ግን ምንም አይሆንም። «ክዳኑን እንደ መኪና በር እየጠረቀምክ ያበላሸኸው አንተ ነህ!» ብዬ አኩርፌዋለሁ። እናቴ ይጸለይበት ስትል ተቆጣኋት።

ዛሬ የኮምፒውተር ጠጋኙን ኪሩን ሱቄ ድረስ አስመጣሁት። እሱ ሲነካው ይሠራል፤ እኔ ስነካው ይጠፋል። ግራ ገባው። ፈታው፣ የስክሪኑን ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካው። አሁንም እኔ ስነካው ጠፋ። እውነት ለመናገር፣ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ሊገጥመው ሲል ደግሞ አንዲት ብሎን አጣ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከን ፈለግን።

«ቆይ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ ድንገት።

እስፒል እንዳይበተንብኝ እጄ ላይ የማስረው ማግኔት አለ። ብሎኗ እዚያ፣ ከእስፒሎቹ መሃል ተለጥፋለች። ኪሩ ማግኔቱን አስወልቆኝ ወደ ኪቦርዱ አስጠጋው፤ ስክሪኑ ጠፋ። አራቀው፤ በራ።

«ላፕቶፑ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው» አለ። «የአንቺ እጅ ሲጠጋው የተዘጋ ይመስለዋል። ስትሠሪበት አውልቂው፣ በቃ።»

እንድርያስ ጋ ደወልኩ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አበላሸሁ?» አለኝ።

«እ... ማለቴ... እራት ምን ልሥራልህ?»