ደንቆሮው ካሜራ

በየታክሲው ውስጥ ካሜራ ይገጠም ሲባል ድምፅ እንዳይቀዳ ተከለከለ። የተሳፋሪ ወሬ የግሉ ነው ተባለ። ጥሩ። ካሜራውን የሸፈነ ሾፌርም ፈቃዱን ይነጠቃል ተባለ። የሾፌሩን ጀርባ ስለሚወጋው ሽጉጥ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ጉዋያኪል ከተማችን ውስጥ ታክሲ የሚሳፈሩ አይመስለኝም።

ታክሲ ከመንዳት ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ወንድሜ ሴጉንዶ የታክሲ ፈቃድ ኮሚቴው ፊት የቆመው በዚህ ደንብ ነው። ሰብሳቢው ቪቴሪ የታክሲው ካሜራ የቀዳውን ምስል ከፈቱት። ሁለት ወጣቶች ከኋላ ተቀምጠዋል። ሴጉንዶ በመስታወቱ ያያቸዋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይስቅና ኮፍያውን አውልቆ ካሜራው ላይ ይሰቅላል። ጨለማ።

«ኮፍያው ተሰቅሎ ሳለ፣ ቀጥላ የተሳፈረች ነርስ ተዘርፋለች» አሉ ቪቴሪ። «ከጓደኞችዎ ጋር እየተሳሳቁ ነበር?»

«ጓደኞቼ አይደሉም፣ ጌታዬ። አንዱ ካሜራው በማያየው በወንበሬ ጀርባ ሽጉጥ ደግኖ ‹ፋዘር፣ ያቺን ዓይን ጨፍንልን፤ አለዚያ ያንተን እንጨፍናለን› አለኝ።»

«ቅጂው ላይ የለም።»

«እንዴት ይኖራል?» ብዬ ተነሳሁ። «የካሜራውን ጆሮ የቆረጣችሁት እናንተ! የወንድሜ ከንፈር ሲለምን አይታይዎትም?»

«ተይው፣ ኛኛ» አለኝ ሴጉንዶ በሹክሹክታ። ከልጅነታችን ጀምሮ እህቱን የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ወይዘሮ መምህርት፣ ይህ የሚያስተምሩበት ክፍል አይደለም፤ ይቀመጡ» አሉ ቪቴሪ። «እኔ የሚታየኝ ሳቁ ነው። ሽጉጥ የተደገነበት ሰው ይስቃል?»

ሴጉንዶ ይስቃል። ሲፈራ ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አባታችን ቀበቶውን ሲፈታ ይስቅ ነበር፤ አባታችንም ስለ ሳቁ ይጨምርለት ነበር። ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ጸሐፊዋ እንኳ ብዕሯን አላነሳችም።

ቪቴሪ ውሳኔውን አነበቡ፤ ፈቃዱ ለዘለቄታው ተሰርዟል። ቀና ሲሉ ሴጉንዶ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ቆሟል።

«ጭራሽ ይስቁብኛል?»

«ከምስሉ ጋር ያስተያዩት!» ብዬ ጮህኩ። «ያው ፊት ነው! አሁን ሽጉጡን የያዙት እርስዎ ነዎት!»

ሰውየው ምስሉን አዩ፤ ወንድሜን አዩ። እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አነበብኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«ደንቡ ስለ ፊት የሚለው ነገር የለም» አሉና ማኅተሙን መቱ።

ሴጉንዶ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። አሁንም ይስቃል።