ሊጭን የመጣ መኪና

አይሱዙው ቡሬ የደረሰው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ያምሮት ከሱቁ ደጃፍ ቆማ ከሩቅ ስታየው ልቧ በደስታ ዘለለ። በመኪናው ጎን የተጻፈው ቀይ ጽሑፍ ፀሐይ ቢያደበዝዘውም ይነበባል፤ «ድምፀ ዳሞት ኤሌክትሮኒክስ» ይላል። ከጥምቀት ወዲህ አንድ ካርቶን ዕቃ አልመጣላትም። መደርደሪያው ራቁቱን እንዳይቀር የቀሩትን ሪሲቨሮችና የሶላር መብራቶች አራርቃ እያስቀመጠች፣ ባዶ የቴሌቪዥን ካርቶኖችን ከላይ እየደረደረች ነበር የከረመችው።

«ዕቃ መጣ!» አለች ጮክ ብላ።

ጎረቤት ባለሱቆች ብቅ ብቅ አሉ። ወደ ገበያ የሚያልፉ የገጠር ሰዎችም ቆም አሉ። ሾፌሩ እጅጉ ወረደ። ለወትሮው ቀልደኛ ነው፤ «እሜቴ ያምሮት፣ በሬ ይታረድልኝ» ሳይላት ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ዛሬ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ሄደና መቀርቀሪያውን ፈታ። ያምሮት በጉጉት አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። አንድ የተጠቀለለ ሸራና ገመድ ብቻ ነበር።

«የታል ዕቃው?»

«ዕቃ የለም፣ ያምሮት።»

«ደምበጫ አራግፈኸው መጣህ?»

«የደምበጫው ሱቅማ ተዘጋ። የሊበኑም ተዘግቷል።» እጅጉ ገመዱን ሳበና በእጁ ይጠቀልለው ጀመር። «እኔ የተላክሁ ልጭን ነው። ያለውን ሁሉ አምጣ ተብዬ።»

ያምሮት ሳቀች። መሳቋን ራሷም ያወቀችው ማንም አብሯት እንዳልሳቀ ስታይ ነው።

ድምፀ ዳሞትን የማያውቅ በዚያ አገር የለም። ባለቤቱ አቶ አስናቀው ሥራውን የጀመሩት ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ሬዲዮ በመጠገን ነው። ኋላ ሱቅ ከፈቱ፤ ቀጥሎ ቡሬ፣ ቀጥሎ ደምበጫ፣ በመጨረሻም ሊበን። በደጉ ጊዜ ልጅ ሲዳር ቴፑ ከድምፀ ዳሞት ካልተገዛ ሠርጉ ሙሉ አይባልም ነበር። በርበሬውን የሸጠ ገበሬ መቀነቱን ሳይፈታ በቀጥታ ወደ ሱቁ ይመጣል። ዲሽ በአህያ ተጭኖ ከከተማ ሲወጣ ሰው በየደጁ ቆሞ ያያል። ያምሮትን የቀጠሯት አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት እቤት በተቀመጠችበት ዓመት ነው። ከካቻቪቴ አያያዝ ጀምሮ ሁሉን ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። የቡሬን ሱቅ ቁልፍ ሲሰጧት ገና ትዳር እንኳ አልያዘችም።

ከዚያ ስልክ መጣ። ሬዲዮው፣ ቴፑ፣ ካሜራው፣ የእጅ ባትሪው ሁሉ ተሰብስቦ እዚያች ኪስ የምትገባ ነገር ውስጥ ገባ። መንገዱም በጸጥታው ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት፣ ዕቃ አዲስ አበባ ተገዝቶ በየቦታው ሲቆም፣ የዶላሩም ነገር ሲመጣ፣ የሸጡትን ዕቃ በሸጡበት ዋጋ መልሶ ማምጣት የማይሞከር ሆነ። የቡሬው ጠጋኝ ሙጬም ሌላ ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ገባ። ያምሮት ይህን ሁሉ አይታለች። ክፉ ቀን ነው፣ ያልፋል ትል ነበር። ድምፀ ዳሞት ይዘጋል ብሎ ማሰብ ግን የቡሬ ገበያ ይቀራል ብሎ እንደ ማሰብ ነበር ለሷ።

እጅጉ ሁለት ጫኝ ጠርቶ ሥራውን ጀመረ። ሪሲቨሩ ወጣ፤ የሶላር መብራቱ ወጣ፤ ስፒከሩ ወጣ። ያምሮት ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ጫኞቹ ወደ ጓዳ ገብተው ከጥገናው ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ሬዲዮኖችን ማንሳት ሲጀምሩ ነው እንደ መባነን ያላት።

«እሱን አስቀምጡ!»

«ያለውን ሁሉ ነው የተባልሁት» አለ እጅጉ።

«ያ የድምፀ ዳሞት አይደለም፤ የሰው ነው። እንዲጠገን ያመጡት ነው። የሰው ዕቃ ጭነህ የት ልትደርስ?»

እጅጉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መልሶ አስቀመጠው። ያምሮት ሱቁን ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ስር ከተተችና ሳይጋብዛት ከጎኑ ተሳፈረች። «አያ አስናቀው ያሉበት አድርሰኝ» አለችው። ማንኩሳ ደረሱ። ኬላው ላይ ፈታሹ «ምንድን ነው የጫናችሁት?» ሲል እጅጉ መልስ ከመስጠቱ በፊት ያምሮት «ሱቄን» አለች። ሰውዬው ግራ ገብቶት አሳለፋቸው።

ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ከዋናው ሱቅ ፊት ለፊት ወረደች። መጀመሪያ የተሳሳተ ቦታ የወረደች መሰላት። ያ ትልቅ መስታወት፣ ኳስ ሲኖር ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ በአንድ ላይ በርተው ሰው አስፋልቱን ሞልቶ ባጃጅና ጋሪ መንገድ የሚያጣበት መስታወት፣ አሁን ነጭ ቬሎ የለበሱ አሻንጉሊቶች ቆመውበታል። የሙሽራ ልብስ ማከራያ ሆኗል። አሻንጉሊቶቹ ፊት የላቸውም። ያምሮት ወገቧን ይዛ ቆማ አየቻቸው። አንዲት ሴት ከውስጥ ወጥታ «ሙሽራዋ አንች ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

አቶ አስናቀውን በቤቱ ውስጥ ከአንድ መጋረጃ በስተጀርባ፣ ቀድሞ የካርቶን ማስቀመጫ በነበረው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከስተዋል። ሁልጊዜ የሚለብሱት ኮት ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ያምሮት! በምን መጣሽ?»

«ሊጭነኝ በላኩት መኪና።»

ተመልሰው ተቀመጡ። «ተናደሽብኛል።»

«አልተናደድሁም። ገና መናደድ ላይ አልደረስሁም፤ አያ አስናቀው። እኔ ምን አደረግሁዎ? ዝጊ ቢሉኝ በገዛ እጄ እዘጋው አልነበር? ሕዝብ ፊት፣ ዕቃ መጣ ብዬ እልል ልል ስል…»

አቶ አስናቀው ግራ በመጋባት አተኩረው አዩዋት። «ንብረት አልነገረሽም እንዴ?»

ንብረት ባሏ ነው። የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴ ነው።

«ንብረት ምኑን ይነግረኛል?»

ሰውዬው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የተናገሩትን መመለስ ቢችሉ በመለሱት። «እኔ እኮ የምታውቂ መስሎኝ…»

«ምኑን ነው የማውቀው?»

«የቡሬውን ቤት የተከራየው እሱ ነው። ለበርበሬ መጋዘን። አከራዩ እንደምለቅ ነግሮት እዚህ ድረስ መጣ። እኔም እባክህ አንተ ንገራት፣ ከባሏ አፍ ስትሰማው ይቀላታል አልሁት። እሺ፣ ዛሬውኑ እነግራታለሁ ብሎኝ ሄደ። ከፋሲካ በፊት ነው ይህ።»

ያምሮት ቀኑን ወደ ኋላ ቆጠረች። ከፋሲካ በፊት። አብረው ጾሙን ጾመዋል፤ አብረው ፈስከዋል። በየማታው «ሱቅ እንዴት ዋለ?» ይላታል። እሷም ዕቃ ሲመጣ መደርደሪያውን እንዴት እንደምትለውጠው ታጫውተዋለች። እሱም «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይላል።

«መንገሩን እርስዎ ለሱ ሰጡት፤ እሱም ለእርስዎ ተወው» አለች በመጨረሻ። «እኔን መሐል አስቀምጣችሁ ተቀባበላችሁ።»

«አፈርሁ፣ ያምሮት። ስልኩን አነሳለሁ፣ ስምሽን አያለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ደምበጫን ስዘጋ ሰዎቹ ሲያለቅሱ አይቼ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አልቻልሁም።»

«እኔስ? እኔ አላለቅስም ብለው ነው?»

ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶች ቬሎ እየለኩ ይሳሳቃሉ።

በሚኒባስ ተመልሳ ቡሬ ስትደርስ ቀኑ ገና አልመሸም። ንብረት ገበያው ጥግ ካለው በረንዳ ላይ የበርበሬ ጆንያ እየሰፋ ነበር። ፊቷን እንዳየ ወስፌውን አስቀመጠ።

«ሰማሽ» አለ።

«ሰማሁ። ከሰው አፍ።»

«ልነግርሽ ነበር፤ ያምሮት ትሙት። ዛሬ ነገ ስል… ሱቁ ውስጥ ስትቀመጪ ሌላ ሰው ሆነሽ ነው የምትታይ። ያን ላፈርስ አፌ እንዴት ይታዘዘኝ? ደግሞ እኔ ባልከራየው ሌላው ይከራየዋል። እኔ ከያዝሁት ቢያንስ የራስሽ ቤት ይሆናል፤ ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ አልሁ።»

«ጠየቅኸኝ?»

«አልጠየቅሁሽም።»

«ዕቃ ሲመጣ እያልሁ ሳወራልህ ምን ይሰማህ ነበር?»

ንብረት ወደ ጆንያው አቀረቀረ። ያምሮት እንድትጮህ፣ እንድትረግመው ጠብቆ ነበር። እሷ ግን እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ገበያው ሲበተን ተመለከተች። ሰው ከውጭ ቢያያቸው ደክሟቸው ያረፉ ባልና ሚስት ናቸው ይል ነበር።

«በርበሬህን ገና አታስገባም» አለችው ስትነሣ። «የሰው ዕቃ አለብኝ። እሱን ሳልመልስ ያ ቤት ያንተም የማንም አይሆንም። የሚመጣው ቅዳሜ ሱቁን እከፍታለሁ፤ አንተም ከደጁ ቆመህ ለመጣው ሰው ሁሉ ተዘግቷል ብለህ ትናገራለህ። ለኔ መንገር ያቃተህን ለነሱ ትነግራለህ።»

በሳምንቱ ውስጥ ቅርብ ላሉት ዕቃቸውን ራሷ አደረሰች። በየገጠሩ መንደር ሬዲዮ በነጠላ አዝላ ስትገባ ሰዎች መጀመሪያ ተሠርቶ የመጣ መስሏቸው ይደሰታሉ፤ እንዳልተሠራና ከእንግዲህም እንደማይሠራ ስትነግራቸው ደግሞ ፊታቸው ክው ይላል። «ድምፀ ዳሞት? የፍኖተ ሰላሙ? ኧረ በማርያም!» ይላሉ። እሷም እንደነሱ ገና አሁን የሰማች ያህል እንደ አዲስ ትደነግጣለች።

ቅዳሜ ሲደርስ ሱቁን ከፈተች። ባዶው መደርደሪያ አቧራውን ይዞ ቆሟል። የቀሩትን የሰው ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ንብረት እንደተባለው ከደጁ ቆመ። የመጀመሪያው ገበሬ ሲመጣ «ተዘግቷል ወንድሜ» ለማለት አፉን ከፍቶ ሦስቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

ፀሐዩ ከፍ ሲል አንድ ባጃጅ ቆመና አቶ አስናቀው ወረዱ። ማንም አልጠራቸውም። ያንኑ የሰፋ ኮት ለብሰው፣ በአሮጌ ቦርሳ የጥገና ዕቃቸውን ይዘው ነበር። ያምሮት ግቡም ተመለሱም አላለቻቸውም፤ ወንበር ብቻ ሳበችላቸው።

እማማ አቻምየለሽ የሚባሉ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የሚመጡ አሮጊት ዱላቸውን ይዘው፣ ንብረት አፉን ሳይከፍት አልፈውት ገቡ። ሬዲዮናቸውን ትተው ከሄዱ ወዲህ ብዙ ቅዳሜ ተመላልሰዋል።

«ተሠራልኝ ልጄ?»

«አልተሠራም፣ እማማ።»

«እስቲ አምጭው» አሉ አቶ አስናቀው። ሬዲዮኑን ፈቱት። ሆዱን ነካክተው፣ አሽትተው፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ያምሮት፣ ይህ አንዱ እንኳ ቢናገር አለች በልቧ። አቶ አስናቀው ግን ብሎኑን መልሰው ማሰር ጀመሩ።

«ተቃጥሏል፣ እናቴ። መለዋወጫውም ከእንግዲህ አይገኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሱቁም… ሱቁም ተዘግቷል። እኔ ነኝ ባለቤቱ።»

ያምሮት ስድብ ጠበቀች። እንዲህ ያመላለሳችሁኝ ለዚህ ነው ወይ ቢሉ ሐቃቸው ነበር። አሮጊቷ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው የአቶ አስናቀውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዜር ያጥናህ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ሰውም ይሞታል፣ እንኳን ሬዲዮ። ያንተው ቤት የመርዶ ቀን መድረሱን ሳላውቅ በባዶ እጄ መጣሁ።» ከዚያ ወደ ያምሮት ዞረው «አንችንም ያጥናሽ» አሉና አጠገቧ ቁጭ አሉ።

ተከትለው የገቡትም እንዲሁ አደረጉ። የጎረቤቱ ባለሱቅ አግዳሚ ወንበር አምጥቶ ከደጅ ዘረጋ። ገበያ የመጡ ገበሬዎች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እየተቀመጡ፣ አንዱ የሠርጉን ቴፕ፣ ሌላው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ቴሌቪዥን እያነሡ ያወሩ ጀመር። ልክ ለቅሶ ቤት ሆነ። ያምሮት ይህን ስታይ ሳምንቱን ሙሉ ደርቆ የከረመው ዓይኗ ተከፈተ። ሰው ፊት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አቶ አስናቀውም አንገታቸውን ደፉ። ንብረት ከደጁ አልተንቀሳቀሰም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

ሰኞ በርበሬው ገባ። ያምሮት እዚያ ቤት ውስጥ አልተቀመጠችም። ከአቶ አስናቀው የቀሩትን የሶላር መብራቶች ለመሸጥ ወስዳ፣ በየገጠሩ ገበያ ሸራ ዘርግታ ትሠራለች፤ ሲሸጥም ይሸጣል፣ ሲዘንብም ትመለሳለች። አቶ አስናቀው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለሰላምታ ሰው ሲያስቆማቸው የሚያወሩት ስለ ጤና ብቻ ነው፣ ሱቁን አያነሡም ይባላል።

ከንብረት ጋር አልተለያዩም። ታርቀዋል፤ የንስሐ አባታቸውም አሉበት። ግን ማታ ማታ እቤት ሲገባ «እንዴት ዋልህ?» ትለዋለች፤ እሱም «ደህና» ይላታል። እሷ ሥራዋን አቁማ ፊቱን ትኩር ብላ እያየች «ሌላስ?» ትለዋለች።