በእጅ ያልገባ ፖስታ

«ይቀመጡ አባባ፣ እጠራዎታለሁ» አልኳቸው።

ሽማግሌው አናጺ ባለፈው ዓመት ለወረዳችን ትምህርት ቤቶች ስለሠሯቸው ዴስኮች የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሊወስዱ ወደ ግዥ ክፍላችን የመጡ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤው ገና አልተፈረመም። እሳቸው ግን የመጡት ለዘንድሮው የዴስክ ጨረታ ነው፤ ፖስታው በኮታቸው ውስጥ ነበር። እስከ ዓምና ተጫራቾችን በየተራ እየጠራን ፖስታ በእጅ እንቀበል ነበር። ዘንድሮ የማንም እጅ እንዳይገባበት ተብሎ ተጫራቹ ራሱ ፖስታውን የሚያስገባበት ሳጥን ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ማስታወቂያው የተለጠፈው በሩ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ግድግዳው ስለሚዞር አይነበብም።

ስልክ ተደወለልኝና ረሳኋቸው። ልክ አራት ሰዓት ላይ፣ የማስገቢያው ጊዜ ሲያበቃ፣ የሳጥኑን አፍ በወረቀት አሽጌ ፈረምኩበት።

ከስድስት ደቂቃ በኋላ አናጺው ፖስታውን ይዘው ተነሡ። «የኔ ልጅ፣ ተራዬ አልደረሰም እንዴ?»

የብረት ዴስክ የሚያቀርበው፣ እኛ «በርሜል» የምንለው ነጋዴ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ሳቀ።

«አባባ፣ እንቅልፍ ጣለዎት? መቼም ይሄን አግዳሚ እርስዎ አልሠሩትም፤ ተመችቶዎታል።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ። «አንተን ተሸክሞ መቆሙን አታይም?»

የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጫጫታውን ሰምተው ከቢሮ ወጡ። ፖስታውን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«አባቴ፣ አርፍደዋል። ልንቀበልዎት አንችልም።»

አናጺው ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። ይሄ ካመለጠኝ ሰኞ አትምጡ ልላቸው ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ አስቀምጬያቸው እንደነበር አልተናገሩም።

ልደነግጥ ይገባኝ ነበር። ብዙ እንደተተኛበት ክንድ ሆንኩ፤ የራሴ መሆኑን ባውቅም አልተሰማኝም።

«ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደርሰዋል» አልኩ። «አስቀምጬ የረሳኋቸው እኔ ነኝ።»

«ኧረ ባክሽ!» አለ በርሜል። «እሱ ፖስታ ቢገባ አቤት እላለሁ።»

«እኔም ባይገባ አቤት እላለሁ» አሉ አናጺው።

ሰብሳቢው ቀስ ብለው፣ «ያልሽው ቃለ ጉባኤ ላይ ቢሰፍር ምን እንደሚያመጣብሽ ገብቶሻል?» አሉኝ።

«ገብቶኛል።»

«በይ ጻፊው።»

ጻፍኩት፤ ፈረምኩበት። የእጅ ጽሑፌ እንደ ሌላው ቀን ቀጥ ያለ ነበር።

ፖስታው ቢገባም ባይገባም አቤቱታ ስለማይቀር ሳጥኑ ሳይከፈት ጨረታው ተሰረዘ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወርኩ። ጨረታው እንደገና ሲወጣ አናጺው ፖስታቸውን በጊዜው አስገቡ፤ በዋጋ ሦስተኛ ሆኑ። ጨረታውን በርሜል አሸንፎ ዴስኮቹን አቀረበ፤ ስድስት መቶውንም ቆጥሬ የተረከብኩት እኔ ነኝ።