ተክሉ በጆጎ ሮድ

«ዛሬ ጥቁር የለበሰ ሁሉ ይታፈሳል አሉ» ይላል ጋሽ ሐብታሙ። ማን አለ? አይታወቅም። ኢስሊ ውስጥ በስደት የምንኖርበት ግቢ የወሬ ማከፋፈያው እሱ ነው። በሩ ላይ በርጩማውን አስቀምጦ ለገባ ለወጣው ይደግመዋል፤ ለድመቷም ሳይነግራት አልቀረም። በሩን የሰጠነው ግን እኛው ነን። ስም ጠርቶ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሳችን «የለም» ነው፤ ወረቀቱ ያልተሟላለት ሰው እንደዚህ ነው የሚኖረው። ይህን ደግሞ እንደ ጋሽ ሐብታሙ ዓይኑን ሳያሽ የሚል የለም።

ክፋቱ፣ የዚያን ቀን ወሬው እውነት ይመስል ነበር። የከተማው ወጣቶች አምና ሰልፍ ላይ ለተገደሉት ጓደኞቻቸው ጥቁር ለብሰው ለሰልፍ ወጥተዋል። ፖሊስ ወደ መሃል ከተማ የሚወስደውን መንገድ በሽቦ ዘግቷል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ የለም፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ስልኩም አይገባም። ጎረቤቴ እትዬ የሺወርቅ ደግሞ ባሏን ጋሽ ተክሉን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም፤ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር ናት።

ልጇ ሩሐማ በዚያው ምሽት ለትምህርት ወደ ካናዳ በራሪ ናት። ካመለጣት ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ አስቀድመው ነግረዋታል። የሚልካት ድርጅት ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳት መኪና እልካለሁ ብሎ ነበር። እስከ ቀትር ጠበቅን፤ ወፍ የለም።

«በእግራችን እንሄዳለን» አለች እትዬ የሺ። «ከዶንሆልም ሰፈር ወዲያ ታክሲ አይጠፋም።»

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ልብስሽን ቀይሪ!» አለች ሩሐማ። እኔም ቢጫ ቀሚሴን ይዤ ቆምኩ።

«ጥቁር የለበሰ ሁሉ...» ብሎ ጀመረ ጋሽ ሐብታሙ።

«ፓስተሩ በአርባው አውልቂ ሲለኝ ያላወለቅሁትን ለፖሊስ ላወልቅ? ተክሉን እኮ ነው የለበስኩት!»

ቀሚሴን አጣጥፌ መለስኩ።

ጆጎ ሮድ ላይ ጎማ ይነድዳል። ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይ አጥረው ማንንም አያሳልፉም፤ ከእነሱ ማዶ የፖሊስ መኪና ቆሟል። እኔ ስዋሂሊን ከማታቱ ረዳቶችና ከቲማቲም ሻጮች ለቅሜ ባለዲግሪ የማስንቅ ሰው ነኝ፤ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። አንዲት ጸጉሯን የገመደች ልጅ ቀደመችኝ። እትዬ የሺን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ኮፍያዋን አወለቀች።

«ማማ፣ ስሙ ማን ነው?»

«እትዬ፣ ልጅ የተገደለባት እናት መስለሻታል» አልኳት በአማርኛ። ዝም ብትል እናልፋለን ብዬ ነበር።

«ባሌ ነው በያት። ታሞ ነው የሞተው። ስሙም ተክሉ ነው።»

አንዲት ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ልጅቷ «ሐዘን ሐዘን ነው» አለችና ዞራ «ተክሉ!» ብላ ጮኸች።

ከኋላዋ ያሉት ማብራሪያውን አልሰሙም፤ ስሙን ብቻ ተቀበሉ። «ተክሉ! ተክሉ!» ድንጋዩ ተነሳ። አንዱ ሻንጣውን ከእጄ ነጥቆ ራሱ ላይ አደረገው። አስለቃሽ ጭስ ሲወድቅ በመሃላቸው ከትተው፣ እርጥብ ጨርቅ እያቀበሉን፣ በጎን መንገድ አሻገሩን። ጋሽ ተክሉ በዚህ ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ስሙ እንዳይጠራ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ጆጎ ሮድ በሙሉ ጠራው። እትዬ የሺ ቀጥ ብላ በመሃል ትራመዳለች። ንግሥት አይቼ አላውቅም፤ ከእንግዲህ ባላይም አይቆጨኝም።

ዶንሆልም ላይ ታክሲ አገኘን። ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው በር ላይ፣ እናት ልጇን አቅፋ ቶሎ ለቀቀቻት። «ግቢ፣ ዞረሽ አትዪኝ። ወረፋው ረጅም ነው።»

ስንመለስ መሽቷል። ጋሽ ሐብታሙ በርጩማው ላይ ነው።

«ሩሐማ በረረች» አልኩት።

«ተመስገን!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ባልኖር ኖሮ አትበርም ነበር። ጠዋት ሰላይ መጥቶባት መልሼዋለሁ። ነጭ መኪና ይዞ፣ ስሟን ከነአባቷ እየጠራ! ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹መንገድ ሳይዘጋ ቀደም ብዬ ልውሰዳት።›»