ወንዙ እስኪጎድል
በእኛ በኒውዚላንድ ቅዳሜ ሲመጣ ግማሹ ሕዝብ ስንቁን አዝሎ ጫካ ይገባል። እኔና ጓደኛዬ ክላሪም ታራሩዋ ተራራ፣ የእግረኞች ማረፊያ ጎጆ ውስጥ፣ ወንዝ ሞልቶብን ሦስተኛ ቀናችን ነው። እግሬ አላርፍ አለ። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ወንዙን እረግማለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ በል እንጂ፤ ወለሉን እኮ ጨረስከው» አለኝ ክላሪ።

«አለቃዬ ያባርረኛል። እሻገራለሁ።»

እንደ ደንቡ የምሄድበትን ልጽፍ የጎጆውን መዝገብ ሳብኩ። ክላሪ ነጠቀኝና የዛሬ ሃያ ዓመቱን ገጽ ገለጠልኝ። በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ «መጠበቅ ሰለቸን። እኔና ሌን ልንሻገር ነው» ይላል።

«ታዲያ ተሻገራችሁ አይደል?» አልኩት።

ቀጣዩን መስመር በጣቱ አሳየኝ። እሱም የክላሪ ጽሑፍ ነው።

«ብቻዬን ተመለስኩ» ይላል።