የጌይነር አዲስ ጥርስና የጰራቅሊጦስ አርብ

ጎረቤቴ ጌይነር ሰግደን ከቱርክ በተመለሰች ማግስት፣ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አጥር ላይ አገኘኋት። «እንኳን በደህና መጣሽ» ስላት ከንፈሯን ገልጣ አሳየችኝ። ነጭ ነው ብዬ ባልፈው ውሸት ይሆንብኛል፤ አዲስ የተለጠፈ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ እንኳ እንዲያ አያበራም።

«በእናትሽ ግጠሚው፤ ሾፌሮቹ ፍሬን ይይዛሉ» አልኳት።

«ቅናት ነው፣ በርናርድ። ያንተ ጥርስና ያንተ አጥር እኩል ነው የበሰበሱት።»

«ቢበሰብስም የራሴ ነው።»

ቅርጫቷን አንስታ በሩን ደርግማብኝ ገባች።

ነገሩን ያመጣው ፎቶ ነው። እኛ መንደር የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የማርሽ ባንዱ ግን አልተዘጋም። እኔ ከኋላ ቱባ የሚባለውን ትልቁን የነሐስ ጡሩምባ እነፋለሁ። ጌይነር ከፊት ናት፤ ኮርኔት በምትባለው ትንሽ ጡሩምባ አንደኛ፣ ዜማውን የምትመራው እሷ። በዚያ ወንበር ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለው ሮይስተን የሚባል ፖስተኛ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበሩን በዓይኑ ሲበላው ኖሯል። የባንዱ የቀን መቁጠሪያ ታትሞ ሲመጣ፣ ጌይነር መሣሪያዋን ደረቷ ላይ ይዛ የምትስቅበትን ገጽ ከፍ አድርጎ፣ «እስቲ ንገሩኝ፣ ከመሣሪያውና ከጥርሷ ነሐሱ የትኛው ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ጌይነርም አብራን ሳቀች፤ በሳምንቱ ቱርክ አገር የአንታሊያ ትኬት ቆርጣ መጣች።

«እዚህ አንድ ጥርስ በሚሠራበት ዋጋ እዚያ አፍ ሙሉ ይሠሩልሃል። ሆቴሉ ምርቃት ነው» ብላኝ ነበር።

በአምስት ቀን ሃያ ጥርስ ሠርተው ላኳት። ሠሩ ማለት ደህናውን ጥርስ ሞርደው ሞርደው ጉቶ አደረጉና በላዩ ሽፋን ለጠፉበት። የጰራቅሊጦስ አርብ፣ ማለትም የአካባቢው ባንዶች ሁሉ በአውቶቡስ ከመንደር መንደር እየዞሩ የሚወዳደሩበት ቀን፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ መሪያችን ሚስተር ሄፕወርዝ ጥርሷን አይተው ባንዱን የሚመሩበትን ዱላ አስቀመጡ። ሰውየው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሁላችንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አንድ ሕግ አላቸው፦ አንደኛ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የፊት ጥርሱን ቅርጽ በጀሶ አስወስዶ ያስቀምጣል፤ ጥርሱ አንድ ቀን ቢሰበር ልክ እንደነበረው እንዲሠራለት። «ሰው የሚነፋው በሳንባው ይመስላችኋል» ይሉናል፤ «ከንፈር የሚደገፈው ጥርስን ነው። ጥርሱ የጥፍር ጫፍ ታህል ከወፈረ፣ የምታውቁት ድምፅ አገር ጥሎ ይሄዳል።»

«ቅርጹን ይዘሽ ሄደሻል?» አሏት።

«የቱን ቅርጽ?»

«የቱን ትለኛለች እንዴ! የጥርስሽን ነዋ!»

«ሚስተር ሄፕወርዝ፣ እነዚያን ጥርሶች ልገላገላቸው ሄጄ ምስላቸውን ተሸክሜ ልዙር?»

«ለሐኪሙስ ነፊ ነኝ አልሽው?»

«ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ አለኝ። ልብ ያምሻል ወይ አለኝ። ትነፊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«ቢጠይቅሽም መልሱ "ድሮ" ነበር» አለ ሮይስተን፣ የኖታ ወረቀቱን እያገላበጠ።

«አንተ ደብዳቤህን አድል። የሰው ወንበር አታድል!»

የእኔና የእሷ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ እውነቱን ከሁሉ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። በፊት ስትለማመድ ጋዜጣዬን አስቀምጬ እሰማት ነበር። አሁን የሚመጣው ሌላ ነው፤ የተነፈሰ የብስክሌት ጎማ። ከፍ ያለውን ድምፅ ልትይዝ ትነሳለች፣ ሳትደርስ ትወድቃለች፣ ከዚያ የማልጽፈው ስድብ። እንደገና ትነሳለች።

በሦስተኛው ቀን በሬን አንኳኳች። ጉንጯ አብጧል።

«የምትሰማውን አልሰማህም» አለችኝ።

«ምን? ጆሮዬ እኮ...»

«አትቀልድ! ለሄፕወርዝ ትንፍሽ ብትል ያንን ቱባህን ሲሚንቶ እሞላዋለሁ።»

«ግቢ። ሻይ ልስጥሽ።»

«ሻይ መጠጣት አልችልም፣ በርናርድ። ውኃም ለብ ካላለ አልችልም።»

ወጥ ቤቴ ቆማ ነገረችኝ። የመንደሩ ሐኪም በራጅ አይቶ፣ ከሽፋኑ ሥር ሁለት ነርቭ እየሞተ ነው፣ ሽፋኑም ድዷን እየቆረጠው ነው ብሏታል። ነርቩን ለማከም ተራዋ መስከረም ላይ ነው። የሽፋኑን ነገር ግን «ሌላ ሰው የሠራውን አልነካም፤ የሠራው ያፍርሰው» አላት። የተሞረደውስ ብትለው፣ የተሞረደ ጥርስ አይበቅልም። አንታሊያ ስትደውል መጀመሪያ «ዋስትና አለሽ፣ ነይ፣ የአውሮፕላኑን ራስሽ ቻይ» አሏት። ኋላ ማንሣቱንም ተዉት። አሁን ስትደውል የሚያነሣላት ከአየር ማረፊያ የወሰዳት ሾፌር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ አይዞሽ ይላታል።

«ለሄፕወርዝ ንገሪያቸው፤ ለዘንድሮ ሮይስተን ይምራ» አልኳት።

«እሱ አንዴ ከተቀመጠ በመጥረጊያ አይነሣም። ሳቁን ሰምተኸዋል። ሞቼ ነው የምለቅለት።»

ማውራት ነበረብኝ። አላወራሁም። ጎረቤት ነኝ፤ በየቀኑ ፊቷን የማየው እኔ ነኝ።

አርቡ መጣ። ፀሐይ ነበረ፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ቢራውን ይዞ ቆሟል። በዚህ ውድድር ዳኛው የሚቀመጠው መጋረጃው በተዘጋ ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። ማን እንደሚነፋ አያይም፤ ሰምቶ ብቻ ይጽፋል። የጌይነር ነጭ ጥርስ ለእሱ ምኑም አይደለም።

በመጀመሪያው መንደር እንደምንም አለፈችው። በሁለተኛው ከፍ ያለው ድምፅ ጫፉ ላይ ተሰነጠቀባት።

«ዜማውን ለእኔ ስጪኝ» አላት ሮይስተን አውቶቡስ ውስጥ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«አፍንጫህን ላስ።»

«ባንዱን ነው የምታዋርጂው!»

«ባንዱ አሁን ትዝ አለህ? ፎቶዬን ስታዞር የት ነበር?»

ሚስተር ሄፕወርዝ ዞረው፣ «ዝም በሉ፣ ሁለታችሁም!» አሉ። እኔ በመስኮት ማየት ጀመርኩ።

ሦስተኛው መንደር ላይ፣ ተጎታቹ ፊት ክብ ሠርተን ቆምን። ማርሹ ተጀመረ፤ መሃሉ ላይ ሁሉም ዝቅ ይልና አንደኛ ኮርኔት ብቻዋን ትወጣለች። ጌይነር ትንፋሿን ሳበች፣ ኮርኔቷን ከንፈሯ ላይ ጫን አደረገች፣ ከዚያ ቀጭን «ቀጭ» የሚል ነገር ተሰማ። ኮርኔቷን ዝቅ አድርጋ የተነቀለ ነጭ ሽፋን እጇ ላይ ተፋች።

ሮይስተን ዜማውን በቃሉ ያውቀዋል። አሥራ አንድ ዓመት በልቡ ሲነፋው ኖሯል። ሚስተር ሄፕወርዝ በዱላቸው አመለከቱት፤ ዓይናቸው ሊወጣ ነው። እሱ ኮርኔቱን ብብቱ ሥር ከቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሁሉም እንዲያውቅባት ፈለገ። እናም ስምንት ምት ሙሉ በመንገዱ ላይ የተሰማው የእኛ የቱባዎቹ «ቡም፣ ቡም» ብቻ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ብቻዬን ተሰምቼ አላውቅም።

ስንጨርስ ጌይነር ቀድማ ደረሰችበት።

«ለምን አልነፋህም?»

«የሰው ወንበር አታድል ብለሽኝ የለ?»

«እኔን ልታዋርድ ሃያ ስድስት ሰው አዋረድህ!»

«ጥርስሽ ነው ያዋረደን። አሁን ደግሞ ዝጊው፤ ጉቶው ይታያል።»

በቡጢ ልትለው ነበር። መሃላቸው የገባሁት በቱባዬ ነው፤ ቡጢው ቱባው ላይ አረፈ፤ ስርጉዱ ዛሬም አለ። ከዳኛው የመጣው ወረቀት ላይ «ቱባዎቹ ደስ ይላሉ። ዜማው ወዴት ሄደ?» ተብሎ ተጽፏል። ከሠላሳ አንድ ባንድ ሠላሳኛ ወጣን። ሠላሳ አንደኛው አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ያልመጣው ነው።

ማክሰኞ ሚስተር ሄፕወርዝ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ተናገሩ። «ወንበሩ ለሮይስተን ነው። ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው እንጂ ይገባሃል ብዬ አይደለም፤ ይህን እወቅ። ጌይነር፣ ከበሮ መቺያችን ወገቡን ታሟል። ከበሮ ጥርስ አይጠይቅም። ከፈለግሽ ያውልሽ፤ ካልፈለግሽ በሩም ያውልሽ።»

ትወጣለች ብለን ጠበቅን። ኮርኔቷ የባንዱ ንብረት ናት፤ በመሐረብ ጠረገቻትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ሮይስተን ፈገግ ብሎ ወደፊት ወንበር ተሸጋገረ፤ ተደላደለ። ጌይነር ሳታየው በአጠገቡ አለፈች፣ ልክ ከጀርባው ካለው ትልቅ ከበሮ ኋላ ቆመች፣ መምቻውን አነሣች።

ማርሽ ላይ ሁሉም የሚከተለው ከበሮውን ነው፤ አንደኛ ኮርኔትም ቢሆን። መጀመሪያ ደህና ሄደች። ከዚያ ትንሽ አፈጠነች። ከዚያ ትንሽ ጨመረች። ሮይስተን ብቻውን የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ትንፋሽ የሚስብበት ክፍተት አልነበረም፤ አንገቱ ቀላ፣ ጆሮው ቀላ፣ መሃል ላይ ዜማው አነቀው።

«ቀስ በይ እንጂ!» ብሎ ዞረ።

ጌይነር ከንፈሯን እንደገጠመች፣ «ምነው፣ ፖስታው ከበደህ?» አለችው።

«ከመጀመሪያው» አሉ ሚስተር ሄፕወርዝ። ዱላቸውን ገና ሳያነሡ ጌይነር መታች።