ውሃ ቀጠነ

የወደፊት አማቴን ሰፈርተኛው «ውሃ ቀጠነ» ይላቸዋል። ውሃ ቀጠነ ብለው ከጎረቤት፣ ከሹፌር፣ ከሐኪም ሳይቀር ይጣላሉ ማለት ነው። ይህን ሹክ ያለኝ የገዛ ልጃቸው፣ እጮኛዬ ነው። እኔም ምስጢር ሆዴን ስለሚቆርጠኝ ለአባዬና ለእማዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ቤታችን ውስጥ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። በአፋቸው «ፀጉሬን ስሪልኝ» ይበሉ እንጂ የመጡት እኔን ሊመዝኑ ነው። እጮኛዬ «እማዬ ካልወደደችሽ አይሆንም» ብሎኛል። የእናቱ ልጅ ነው ብዬ ታዘብኩት፤ ግን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ?

ፀጉር የምሠራው ሳሎናችን ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳይመጡ በፊት አባዬን ጥግ ይዤ «ያቺ ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ» አልኩት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።

«የቷ ቃል?» አለ፣ በዚያ ድምፁ።

«በቃ፣ ዝም ብትል ይሻላል።»

የማለስለሻ ክሬሙን ከግንባር እስከ ማጅራታቸው ቀብቼ ስጨርስ መብራቱ ድርግም አለ። መብራት መጥፋቱስ ብርቅ አይደለም። ግን እኛ ፎቅ ድረስ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በመብራት ነው። ሮጬ ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ሁለቴ አሳለና ዝም አለ።

«ጀመረኝ» አሉ ከኋላዬ።

«ምኑ?»

«ማቃጠሉ ነዋ።»

ያ ክሬም በጊዜ ካልታጠበ ፀጉሩን ይዞት ነው የሚወርደው። አማቴን ራሰ በራ አድርጌ ልዳር? ላብ በጀርባዬ ወረደ፤ እሱንም ባጠራቅመው ብዬ ተመኘሁ።

«እማዬ፣ ጀሪካኑ የታለ?»

«ባዶ ነው። ሙዪው ብዬሽ አልነበር?»

«አሁን የክርክር ሰዓት ነው?»

እማዬ ያገኘችውን ሁሉ ይዛ መጣች፦ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የቀረች ጭላጭ፣ አንድ ጠርሙስ ጋዝ ያለው ውሃ፣ ከነአበባው የአበባ ማስቀመጫ። ሴትዮዋን የወጥ ቤት ገንዳ ላይ አስጎንብሼ መጀመሪያ ጭላጯን፣ ቀጥሎ የአበባውን ውሃ አፈሰስኩባቸው። አንዲት ቀይ አበባ አብራ ወርዳ ጆሯቸው ላይ ተለጠፈች። ለማንሳት ጊዜ አልነበረኝም።

«ቦይለሩስ?» አለ አባዬ ድንገት። «ሙሉ አይደል እንዴ!»

ልስመው ነበር። የስልኩን መብራት በጥርሱ ይዞ፣ ካቻቪቴና ባልዲ አንጠልጥሎ መታጠቢያ ቤት ገባና የቦይለሩን ቧንቧ ከሥሩ ፈታው። ውሃው ግን ገና ይፋጃል። እማዬ የፍሪጁን በረዶ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችው፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ተበተነና እሷም ረግጣው እስከ በሩ ተንሸራተተች። በሩን አቅፋ ቆመች። ያኔ ሳቅ ያዘኝ። በአንድ እጄ የሴትዮዋን አንገት፣ በሌላው ጣሳ ይዤ፣ ከንፈሬን ነክሼ እንቀጠቀጣለሁ።

«ብርድ ብርድ አለሽ?» አሉኝ ከገንዳው ውስጥ።

«አዎ፣ ትንሽ።»

ግራውን አጥቤ ወደ ቀኙ ስሻገር፣ አባዬ ከመታጠቢያ ቤት በአውቶቡስ ድምፁ ተጣራ።

«ውሃ ቀጠነ!»

እማዬ ባዶውን ባልዲ አስቀመጠች። የእኔ ሳቅ ደረቀ። አለቀ በቃ፣ ባሌ በቦይለር ፈሰሰ አልኩ በልቤ።

ሴትዮዋ ቀና አሉ። ክሬም የተቀላቀለ ውሃ በአንገታቸው እየወረደ፣ አበባዋ ጆሯቸው ላይ እንዳለች፣ ወደ መታጠቢያ ቤት አመሩ። ተከተልኳቸው። አባዬ በርከክ ብሎ ሌላ ባልዲ ደግፏል።

«ምን አሉ እርስዎ?»

«ቀጠነ» አለ አባዬ ጣቱን ቀስሮ። «ያው፣ ይዩት።»

እውነትም ከቦይለሩ የሚወርደው ውሃ እንደ ክር ሆኗል። ጎንበስ ብለው አዩት። ደጋግመው አዩት።

«ቀጥኗል» አሉ።

ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ስጠጋ ለካ እየሳቁ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ቀጠነ ትላለች እያሉ ሲያሙኝ አውቃለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አንድ ሰው እንኳ ሄዶ ውሃውን አላየልኝም። ዛሬ እርስዎ አዩልኝ።» ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ምን ትገተሪያለሽ? ቀኙ እየተቃጠለ ነው!»

የቦይለሩ ውሃ ይፋጃል፣ በረዶውም አልቋል፤ የቀረን ጋዝ ያለው ውሃ ብቻ ነበር። ስከፍተው ፊን ብሎ ተነሳ፤ ሳፈስባቸው ራሳቸው ላይ እየተንጫጫ ወረደ። «ኧረ ኮረኮረኝ!» እያሉ ገንዳውን ይደበድባሉ፤ እማዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች፤ እኔም ከዚያ በኋላ መደበቁን ተውኩት። በጣቴ ሳበጥረው ፀጉራቸው አንድ ሳይቀር አለ።

ፎጣ ስጠመጥምላቸው ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱት። ሥሩ ላይ ትንሽ ተርፏል። ግማሹን ጠጡና መልሰው ዘረጉልኝ።

«ልጄ ውሃ አጣጭ አገኘሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «እንግዲህ መጀመሪያ እኔን አጣጪኝ።»

ተቀብዬ ጨለጥኩት፤ ጋዙ በአፍንጫዬ ወጣ። ክሬም ክሬም ይላል፣ ሞቋልም። ግን እኔ ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ሰው አይደለሁም።